ወይ ፍራሽ፣ ወይ መናኸሪያ

ተረት ተረት ስላችሁ ‹‹የፍራሽ እጥረት!›› ብላችሁ ተቀበሉኝ። ጮክ በሉ እንጂ፣ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? የበላችሁት የካፌውን ቁርስ ከሆነ ግን ይቅር፤ አቅም የላችሁም ብዬ አልፋችኋለሁ።

ከሐይቅ ዳር አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ጦጣው በቁጥር ከተማሪው የማይተናነስበት። ስሙን አልጠራም። ‹‹የእኛ ግቢ ነው፣ የእናንተ ነው›› ብላችሁ ብትጣሉም አልገላግላችሁም። እዚያ ግቢ ትርንጎ የምትባል አዲስ ተማሪ መጣች። ዶርም ተሰጣት፣ አልጋም ተሰጣት። አልጋው ላይ ግን ፍራሽ የለም። የሌሎቹ ልጆች ሁሉ ፍራሽ አላቸው፤ የእሷ ሽቦ ብቻ ነው። ጋቢዋን አነጠፈችና ተኛችበት። ጠዋት ስትነሳ ሽቦው ጉንጯ ላይ መስመር በመስመር ታትሟል። የዶርም ጓደኛዋ ሲፈን አየቻትና ‹‹ቆርኪ ካለሽ ጉንጭሽ ላይ ዳማ እንጫወት›› አለቻት።

ለሲፈን ቀልድ ነው፤ ለትርንጎ ግን የሚያስለቅስ ነገር ነበር። እንቅልፍ ስለሚያጥራት ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። አንድ ጊዜማ የሒሳብ ፈተና ላይ አንቀላፍታ አስተማሪው ነው የቀሰቀሳት። አገር ቤት ደግሞ አጎቷ ‹‹የት ትደርሳለች፣ ትመለሳለች›› ብሎ ለአንድ እህል ነጋዴ ቃል ሰጥቶባታል። ከተመለሰች የሚጠብቃት ድንኳን ነው፣ ሠርግ ነው። ትርንጎ ነጋዴውን አይታዋለች፤ ሽቦው ይሻላል። ግን ሽቦው ላይም ሆኖ መማር አልተቻለም። ስለዚህ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ‹‹እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዓርብ እጠብቃለሁ›› አለች። ‹‹ወይ ፍራሽ፣ ወይ መናኸሪያ!››

መጀመሪያ ወደ ፕሮክተሯ ወደ እትዬ አስካለ ሄደች። ፕሮክተር ማለት የዶርሙ እናትም፣ ዳኛም፣ ዘበኛም ማለት ነው።

‹‹እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ፍራሽ ይስጡኝ።››

‹‹የኔ ልጅ፣ ፍራሽማ መጋዘኑ ሞልቷል! በሩ ነው እንጂ አልከፈት ያለው። ቁልፉ ውስጡ ተሰብሮ ቀረ። ብየዳ ቤት ሂጂና ጋሽ ጉተማን ቁረጠው በዪው።››

‹‹እርስዎ አይነግሩትም?››

‹‹ፍራሽ የፈለገው ማነው፣ አንቺ ነሽ እኔ?››

በሩ አልከፈትም አለ፤ ትርንጎም ሽቦ ላይ አደረች።

ጋሽ ጉተማ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሻይ ይጠጣል። ‹‹ጋሼ፣ የመጋዘኑን በር ይቁረጡልኝ›› አለችው። ሻዩን ፉት አለ። ‹‹በምን ልቁረጠው፣ በጥርሴ? ብየዳ ቤቱ መብራት ከጠፋበት ስንት ጊዜው! ሽቦው ከምሰሶው ላይ ተበጥሷል። ኤሌክትሪሺያኑን ይቀጥል በዪው።›› ከዚያ ሌላ ሻይ አዘዘ። ሻዩን የሚያፈላው መብራት ከየት እንደመጣ ትርንጎ አልጠየቀችም፤ አዲስ ተማሪ ናትና ሁሉን አትጠይቅም።

በሩ አልከፈትም አለ፣ በያጁ በሩን አልቆርጥም አለ፤ ትርንጎም ሽቦ ላይ አደረች።

ኤሌክትሪሺያኑ ምንተስኖት ይባላል። የግቢውን መብራት አንድ በአንድ ያውቀዋል፣ የትኛው እንደማይበራ። ‹‹እታለም፣ መቀጠሉ ቀላል ነው›› አላት። ‹‹ግን ምሰሶው ላይ በክንፌ ልውጣ? መሰላሉን ካፌዎች ወስደው ወይ ፍንክች ብለዋል። እሱን አስመልሺልኝና ዓይንሽ እያየ እቀጥለዋለሁ።››

በሩ አልከፈትም አለ፣ በያጁ በሩን አልቆርጥም አለ፣ መብራቱ ለበያጁ አልበራም አለ፤ ትርንጎም ሽቦ ላይ አደረች።

ካፌ ስትደርስ መሰላሉን አየችው። የተሰበረው መስኮት ላይ ትልቅ ትሪ ተገጥሟል፣ ትሪውን ደግሞ መሰላሉ ደግፎታል። የወጥ ቤቷ አለቃ እትዬ ዝናሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ፊቷ ቆመች።

‹‹ንክች እንዳታደርጊው! እሱን ካነሳሽው ጦጣው ገብቶ ዳቦውን ሙልጭ ያደርገዋል።››

‹‹እትዬ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ።››

‹‹ለጦጣ አንድ ሰዓት ምን አነሰው? ሂጂና ጦጣውን ራቅ በዪው፣ እኔ መሰላሉን እለቅልሻለሁ።››

እኔን ከጠየቃችሁኝ ያንን ዳቦ የሚሰርቅ ጦጣ አንዴ ነው የሚሰርቀው። ይነክሰዋል፣ ያዝናል፣ ይመልሰዋል። ግን ማን ጠየቀኝ?

በሩ አልከፈትም አለ፣ በያጁ በሩን አልቆርጥም አለ፣ መብራቱ ለበያጁ አልበራም አለ፣ መሰላሉ ለመብራቱ አልቆምም አለ፤ ትርንጎም ሽቦ ላይ አደረች።

ትርንጎ ወደ ጓሮ ዞረች። ጦጣው የካፌው ቆሻሻ ክምር አናት ላይ ተንፈራጦ ሙዝ ልጣጭ ይመርጣል። ‹‹እባክህ ከዚህ ራቅልኝ›› አለችው። ጦጣው ተረት ውስጥ ስለሆነ መናገር ይችል ነበር። ግን ግቢው ውስጥ ብዙ ዘመን ስለኖረ ለተማሪ መልስ መስጠት ትቷል። ገልመጥ አደረጋትና ጀርባውን ሰጣት። ክምሩ እዚያ እስካለ ድረስ ጦጣው የትም አይሄድም። ደግሞስ ምን ቆርጦት ይሄዳል? ከግቢው ሁሉ ደልቶት የሚኖር እሱ ብቻ ነው።

እስቲ አብራችሁኝ በሉ፣ ብቻዬን ደከመኝ! በሩ አልከፈትም አለ፣ በያጁ በሩን አልቆርጥም አለ፣ መብራቱ ለበያጁ አልበራም አለ፣ መሰላሉ ለመብራቱ አልቆምም አለ፣ ጦጣው ከመሰላሉ አልርቅም አለ፤ ትርንጎም ሽቦ ላይ አደረች።

ቆሻሻ የሚያነሳው ትራክተር ነው። ትራክተሩ ደህና ነው፣ ነዳጁ ሙሉ ነው፣ ሾፌሩ አንጁሎም ጤነኛ ነው። ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የትራክተሩን መስታወት ይወለውላል፤ ከመወልወሉ ብዛት መስታወቱ ሳስቷል።

‹‹ጋሽ አንጁሎ፣ ክምሩን ያንሱልኝ።››

‹‹ደስ ይለኝ ነበር ልጄ። ግን ያለ ዶክተር ልሳነወርቅ ቃል ጎማ አላዞርም። አንድ ጊዜ በራሴ ፈቃድ ቆሻሻ ባነሳ ‹ማን አንሳ አለህ› ተብዬ መልስ ብለውኝ መልሼዋለሁ።››

‹‹ቆሻሻውን?››

‹‹አዎ። እዚያው ቦታው ላይ።››

በሩ አልከፈትም አለ፣ በያጁ በሩን አልቆርጥም አለ፣ መብራቱ ለበያጁ አልበራም አለ፣ መሰላሉ ለመብራቱ አልቆምም አለ፣ ጦጣው ከመሰላሉ አልርቅም አለ፣ ትራክተሩ የጦጣውን ክምር አልጭንም አለ፤ ትርንጎም ሽቦ ላይ አደረች።

ዶክተር ልሳነወርቅ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ናቸው። ከቢሯቸው በር ፊት ለፊት ጸሐፊያቸው ፌቨን ትቀመጣለች። ፌቨን ጥፍሯን እየሞረደች፣ ቀና ሳትል፣ ‹‹ስብሰባ ላይ ናቸው›› አለች።

‹‹መቼ ይወጣሉ?››

‹‹ሲያልቅ።››

‹‹መቼ ያልቃል?››

‹‹ሲወጡ።››

ትርንጎ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዋለች። የሚገባ የለም፣ የሚወጣ የለም። በማግስቱም መጣች። ‹‹ስብሰባ ላይ ናቸው፣ የትናንቱ ነው የቀጠለው›› አለች ፌቨን።

‹‹ግን ምን ዓይነት ስብሰባ ነው?››

‹‹ስለ ተማሪዎች ምቾት።››

ይኸው እንግዲህ፣ ሳልተነፍስ ልበለው። በሩ አልከፈትም አለ፣ በያጁ በሩን አልቆርጥም አለ፣ መብራቱ ለበያጁ አልበራም አለ፣ መሰላሉ ለመብራቱ አልቆምም አለ፣ ጦጣው ከመሰላሉ አልርቅም አለ፣ ትራክተሩ የጦጣውን ክምር አልጭንም አለ፣ ዶክተሩ ለትራክተሩ ቃል አልሰጥም አሉ፤ ትርንጎም ሽቦ ላይ አደረች።

ዓርብ ደረሰ። ትርንጎ መምጣቷን ለአጎቷ ደውላ ነግራ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከዶርም ወጣች። ሲፈን በሩ ላይ አቅፋት አለቀሰች፤ ስለ ዳማው ቀልድም ይቅርታ ጠየቀቻት። ትርንጎ ግን ወደ መናኸሪያ ከመሄዷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ጎራ አለች። ፌቨን ለምሳ ወጥታለች። ቢሮው ጭር ብሏል። ከበሩ ጀርባ ግን ስብሰባው ይሰማል፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው፣ እሱም ያንኮራፋል።

ትርንጎ በሩን አንኳኳች፤ መልስ የለም። ከፈተችው። ከጠረጴዛው ጀርባ ሌላ ትንሽ ክፍል አለች፣ በሯም ገርበብ ብሏል። ዶክተሩ ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ አዲስ የዶርም ፍራሽ ላይ ለጥ ብለዋል። ትርንጎ ቆማ አየች። መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፣ ከዚያ ተናደደች። ያ ሁሉ ቀን ሽቦ ላይ ስትገላበጥ፣ የእሷ እንቅልፍ እዚህ ተኝቶ ነበር።

‹‹ዶክተር!›› አለች።

ዶክተሩ ብድግ አሉ። ‹‹ማነሽ? ማን አስገባሽ?››

‹‹ትርንጎ እባላለሁ። ፍራሽ ፈልጌ ነበር።››

ዶክተሩ ፍራሹን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ፍራሹን አዩ። ‹‹ይሄ እንኳን... ወገቤን ያመኛል። ሐኪም ነው ያዘዘልኝ።››

‹‹እግዜር ይማርዎት። እኔንም ከሽቦው የተነሳ ወገቤን አሞኛል።››

‹‹ያየሽውን ለሰው እንዳታወሪ፣ እሺ የኔ ልጅ?››

‹‹እኔ ፍራሽ ካገኘሁ ምን አስወራኝ?››

ዶክተሩ በካልሲያቸው እንደቆሙ ስልኩን አነሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ትንፋሽ አይበቃኝም። ዶክተሩ ለትራክተሩ ቃል ሰጡ፣ ትራክተሩ የጦጣውን ክምር ጫነ፣ ጦጣው ከመሰላሉ ራቀ፣ መሰላሉ ለመብራቱ ቆመ፣ መብራቱ ለበያጁ በራ፣ በያጁ በሩን ቆረጠ፣ በሩም ተከፈተ! ስንት ቀን አልሆንም ያለው ሁሉ ሻይ ተፈልቶ ሳይቀዳ ሆነ። ያየ ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጋዘኑ ደጃፍ ተሰበሰበ። እትዬ አስካለ፣ ጋሽ ጉተማ፣ ምንተስኖት፣ እትዬ ዝናሽ ከነጭልፋዋ፣ አንጁሎ፣ ፌቨን፣ ተማሪው ሁሉ። ዶክተሩም ጫማቸውን አስረው፣ ፍቅርና ርኅራኄ ፊታቸው ላይ አድርገው መጡ። ጦጣው ሳይቀር ጣራው ላይ ወጥቶ ተመለከተ።

መጋዘኑ ውስጥ ፍራሽ የለም። አንድም። ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የቆመ ባነር ብቻ አለ፣ ‹‹ውድ አዲስ ተማሪዎቻችን፣ እንኳን ወደ ቤታችሁ በደህና መጣችሁ›› የሚል።

እትዬ አስካለ ክው አለች። ‹‹ሞልቶ ነበር! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!››

ጋሽ ጉተማ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ። ምንተስኖት የመብራት ምሰሶ እንደሚመረምር ሰው ሰማይ ሰማይ አየ። ፌቨን ጥፍሯን አየች። ለባዶ ቤት ነበር ለካ ያ ሁሉ እምቢታ። ዶክተር ልሳነወርቅ ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ፊት ለፊት ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

‹‹በጣም አሳዛኝ ነው›› አሉ። ‹‹ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋማል። ይቺ ተማሪም በትዕግሥት እንድትጠብቅ...››

ትርንጎ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። አጎቷ ትዝ አላት፣ ነጋዴውም፣ ድንኳኑም።

‹‹ዶክተር፣ ኮሚቴ አያስፈልግም። አንድ ፍራሽ አለ›› አለች። ‹‹ስብሰባ ላይ ነው።››

እትዬ ዝናሽ ሳቋ አመለጣት፣ ተማሪው ተከተላት፣ ፌቨን እንኳ አፏን ይዛ ዞረች። ዶክተሩ ለመሳቅ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። አንጁሎ የማንንም ቃል ሳይጠብቅ ሄደ። ፍራሹን ከዶክተሩ ጓዳ አውጥቶ፣ በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ በግቢው መሀል መንገድ በጭብጨባ እየታጀበ እስከ ዶርሙ ወሰደው። መሀሉ ላይ የዶክተሩ ወገብ ያበጃት ጎድጓዳ ነበረች። ሲፈን ገልብጣ አነጠፈችው።

ትርንጎ ያን ቀን ከሰዓት ተኛች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ፣ ጮኸ፣ እሷ ወይ ፍንክች። ሲፈን አነሳችው።

‹‹ሄሎ›› አለ አጎትየው በደስታ፣ ‹‹ትርንጎ መኪና ይዛ ተነሳች አይደል?››

‹‹አልተነሳችም ጋሼ።››

‹‹ምነው? አቅርቢልኛ!››

‹‹አሁን አትገኝም›› አለችው ሲፈን። ‹‹ስብሰባ ላይ ናት።››

ተረቱ ለእናንተ፣ ፍራሹ ለትርንጎ። በሉ ተነሱና ክፍል ግቡ።