ነፋስ የሚፈራው አባወራ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ «ጎረቤቴ ሳልጠራት ገብታ መስኮቴን በረገደችው። ቤቴን ዘግቼ ቤተሰቤን ብጠብቅ ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብለኸኛል። ታገስና ስማ።

ሰውየው በደጋ አገር ከሚስቱና ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ጥንቁቅ ነበር። የሚፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጭስና ነፋስ። ጭሱን በዓይኑ ያየዋል፤ ስለዚህ ከሰሉን በረንዳ ላይ ያቀጣጥልና ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ፣ «አሁን ጠርቷል» ብሎ ምድጃውን ወደ ቤት ያስገባል። ነፋሱን በጆሮው ይሰማዋል፤ ስለዚህ ያፏጨበትን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ይወትፋል፤ በበሩ ሥር ጆንያ ያነጥፋል። ከፍሙ የሚወጣ፣ የማይታይ፣ የማይሰማ፣ የማይሸት ሦስተኛ ነገር ነበረ። እሱን በገዛ እጁ ተሸክሞ አስገብቶ መውጫውን ደፈነበት።

ሐምሌ ላይ ሚስቱን ራስ ምታት ያዛት። «ምች ነው» አለና ዳማከሴ ጨምቆ ግንባሯን ቀባት፤ ጋቢ ደርቦላት ወደ ፍሙ አስጠጋት። እሱ ራሱ ሥራ ሲወጣ ጭንቅላቱ ቀለል ይለዋል፤ ቤት ሲገባ ይከብደዋል። ይህንንም ልብ ብሏል፤ ጥንቁቅ ነው ብያለሁ። «ውጭ ያገኘኝ ነፋስ ቤት ስገባ ይነሳብኛል» ብሎ ደመደመ።

አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጅቷ ስትጫወት አስመለሳትና ምድጃው አጠገብ ተኛች። ቢጠሯት አትሰማም። እናቷ ልታነሳት ስትሞክር ጉልበቷ ከዳት። ሰውየው ነፋሱ የገባበትን ቀዳዳ ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ። የቁልፉን ቀዳዳ አገኘና ጨርቅ ሊቀድ ተነሳ።

በዚህ መሀል ጎረቤቱ የሆነች ባልቴት የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች። በሩ አልከፈት ሲላት በትከሻዋ ገፋችው።

«ይሄ ቤት ነው ጎተራ?» አለች። ከዚያ ልጅቷን አየች። ምድጃውን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ዝናቡ ላይ ወረወረችው፤ የመስኮቱን ጨርቅ መነጨቀችና ልጅቷን ታቅፋ ወጣች።

«እትዬ! ልጄን ነፋስ ሊያስመቷት ነው!»

«ይምታት! ነፋስ የመታው ያስነጥሳል። አንተ ያስገባህባት የከሰል መርዝ ግን እንኳን ማስነጠስ መተንፈስም ይከለክላል። ይልቅ ሚስትህን አውጣ!»

ሚስቱን ደግፎ እየተንገዳገደ ወጣ። ዝናቡ በልጅቷ ፊት ላይ ወረደ። ከዚያ አስነጠሰች፤ ቀጥላም «ለምን ታረጥቡኛላችሁ?» ብላ አለቀሰች። አባትየው ልጁ ባስነጠሰች ቁጥር ደንግጦ ብርድ ልብስ የሚፈልግ ሰው ነበር። ያን ቀን «እስቲ ድገሚልኝ» ብሎ ለመናት።

ሦስቱም ጤና ጣቢያ አድረው በማግስቱ በእግራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ምድጃው ከበረንዳ አላለፈም፤ ሲበርዳቸው ብርድ ልብስ ይደርባሉ። ጨርቆቹንም ከየቀዳዳው አወጣ። ነፋሱ ሲያፏጭ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» ይለዋል አሉ።

አንተም ልጄ፣ ጥንቃቄህን አልነቅፍም፤ ጥንቃቄ እሱም አልጎደለውም። የሚያውቀውን ጠላት ሲከለክል፣ የማያውቀውን ከልጁ ጋር ቤት ውስጥ ዘጋው እንጂ። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቤቱን ልመርምር ቢል አይሆንለትም፤ የሚመረምርበት ጭንቅላት ራሱ እዚያው ተዘግቶበታል። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ሰው ያስፈልግሃል፤ ወንፊት ለመመለስም ቢሆን ይምጣ።

ደግሞ ምሳሌ ነው ብለህ ከሰሉን እንዳትረሳው። መስኮቱ ከተከፈተ ወዲህ ባለቤትህን ራሷን ተሻላት ብለኸኛል፤ እንደ ክስ አድርገህ ነው የነገርከኝ እንጂ። እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ተነስ፤ ምድጃህን ከቤት አውጣ፣ ለጎረቤትህም መቀመጫ አቅርብላት። ስለ ምሳሌው በኋላ እናወራለን።