በቀትር የሚመልሱት ሦስት ሺህ

አንድ ቆዳ ሰፊ ነበረ። ስሙን አልናገርም፤ በደንብ አውቀዋለሁ። አንቀልባ እየሰፋ በስልኩ በከፈተው ገጽ ይሸጥ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የሸጠው ሰባት ብቻ ነው።

ይህ ሰው ልጅ ሳለ በየደጁ ቆሞ ለምኗል። በኋላ አንድ ባለሙያ ወስዶ ስፌት አስተማረው፤ በጠፍር እየገረፈ። ከዚያ ቤት ሲወጣ ሁለት ነገር ማለ፦ ወደዚያ ገራፊ ጌታው ላይመለስ፣ የሰው በር ላያንኳኳ።

አሁን የቀረው ቆዳ ለዐሥራ ሁለት አንቀልባ ብቻ የሚበቃ ነው። እነዚያ ካልተሸጡ ወደ ጌታው ከመመለስ ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ቆዳውን ከመቁረጡ በፊት እናቶች ምን እንደሚወዱ ማወቅ ፈለገ። ሰው ፊት ቆሞ መጠየቅ ግን ልመና መሰለው።

ገጹ ባዶ እንዳይመስል ሦስት ሺህ ተከታይ በርካሽ ገዝቶ ነበር። ሲገዛቸው ሰው አለመሆናቸውን ያውቅ ነበር። እያደር ረሳው። በየቀኑ ቀትር ላይ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ "በጣም ያምራል" ይሉታል። በሕይወቱ እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"ቀዩ ይሻላል ወይስ ቡኒው?" ብሎ ጻፈላቸው።

በማግስቱ ቀትር ላይ መልሱ መጣ። "ቀዩ በጣም ያምራል።" ሦስት ሺህ ጊዜ።

ቆዳውን ሁሉ በቀይ ቀለም ነክሮ ሰፋው። ወር ሙሉ አንድም ገዢ አልመጣም። አንቀልባዎቹ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ ዐሥራ ሁለት ባዶ ሆድ።

ቆዳ የሚያቀርብለት ሽማግሌ ጎራ ብሎ አያቸው።

"ማነው ቀይ አድርግ ያለህ?"

"ደንበኞቼ ናቸው ጋሼ። ሦስት ሺህ ናቸው።"

ሽማግሌው ሳቀ። "ከሦስት ሺህ እናት አንዷ እንኳ የምታዝለው ልጅ የላትም? እስኪ ችግርህን ንገራቸው፤ ምን እንደሚሉህ እንይ።"

ሰፊው ልጅ ሳለ በየደጁ ይላት የነበረችውን ቃል ጻፈ፦ "ርቦኛል።"

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ መንደሩ ጭር ብሎ ነበር። ጥላ ሁሉ ከእግር ሥር ገብቷል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየተንፏቀቀ እስከ ጠርዙ ደረሰ። "ርቦኛል በጣም ያምራል። ርቦኛል በጣም ያምራል።" ስሞቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ሁሉም የሴት ስም ነው፤ ፎቶው ግን አንድ ነው። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ጀርባዋ ላይ ምንም የለም።

ስልኩን ገለበጠው። ልጅ ሳለ የተዘጉበት በሮች ትዝ አሉት። "እግዜር ይስጥህ" ብሎ የሚመልሰው በር እንኳ ከኋላው ሰው ነበረበት።

ያን ቀን መሐላውን አፈረሰ። አንቀልባ ሲልክላቸው የመዘገበውን አድራሻ ይዞ፣ ከሰባቱ ገዢዎች ወደ መጀመሪያዋ ቤት ሄደ። ብዙ ቆይቶ አንኳኳ።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለች ሴትየዋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

"አንቀልባውን የሰፋሁልሽ ነኝ እህቴ።"

"አንተ ነህ እንዴ ትከሻዬን የበላኸው! ግባ፣ ና ሥራህን እይ!"

ማንገቻው ላይ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላበታለች።

"ቀይ ቢሆንስ ትወጂው ነበር?"

"ጀርባዬ ላይ እኮ ነው ሰውዬ! መቼ አየሁትና!"

ሰባቱንም ቤት አንኳኳ። በአምስቱ ማንገቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘው። ተመልሶ የዐሥራ ሁለቱን ማንገቻ ፈታ፤ ሰፋ አድርጎ፣ ውስጡን በበግ ጠጉር ደልድሎ እንደገና ሰፋቸው። አንዱን ያቺው ሴት ለእህቷ ወሰደች። የቀሩትም ወሬው ከእናት ወደ እናት እየዞረ በወሩ አለቁ። ስለ ቀለሙ የጠየቀ የለም። ወደ ጌታውም አልተመለሰም።

በኋላ ሌላ ገጽ ከፈተ፤ አሮጌውን ባዶ አድርጎ ተወው። ዛሬም በየቀትሩ ከባዶው ገጽ ሥር "በጣም ያምራል" የሚል ይጻፋል።

የሚያወድስህ ድምፅ ስለበዛ እውነት አይሆንም። ሥራህ የት ላይ እንደሚያም የሚያውቀው የተሸከመው ሰው ነው። እሱን ለመጠየቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚከብደው ማንኳኳቱ ነው።

አንተስ፣ በየቀኑ "ያምራል" የሚሉህን አንድ ጊዜ "ርቦኛል" ብለህ ሞክረሃቸዋል?