ለትዕግሥቷ የቀረበ ምስክር

አንዲት ምላሷ የማያርፍ ሴት ማሽላዋን ከዝንጀሮና ከሌባ የምትጠብቀው ሟች ባሏ በተወላት ጠመንጃ ነበር። መሣሪያ ያለው ሁሉ ፈቃድ ያውጣ ሲባል ከማንም ቀድማ ወረዳ ሄደች። የጸጥታ ኃላፊው አቶ ባንተይርጋ ግን ጠመንጃው በባሏ ቀብር ላይ ሲተኮስ ካዩ ጀምሮ ዓይናቸውን ጥለውበታል።

«ዋስ አምጪ» አሏት፤ አመጣች። «ጠባይሽን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይመስክሩ» አሏት፤ ሰብስባቸው መጣች። ከዚያ ወዲያ «ስብሰባ ላይ ነኝ»፣ «መብራት የለም»፣ «ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል» እያሉ ከመስከረም እስከ ፋሲካ አመላለሷት። ሰበቡ ሲያልቅባቸው ባለጉዳይ በሞላበት እንዲህ አሉ፦

«ሕጉ ግልፍተኛን አያስታጥቅም። ዘመድና ጎረቤት ቢያሞግስሽ አልሰማም። በድሎሽ አንጀትሽን ያሳረረ፣ አንቺ ግን እጅሽን ያላነሳሽበት ሰው እዚሁ ፊቴ ይቅረብ። ካልቀረበ ጠመንጃው ዛሬውኑ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል!»

በዳይ ነኝ ብሎ የሚቆምላት ከየት ይመጣል ብለው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ እሱማ ከቀረበ ቆየ» አለች። «ይህን ሁሉ ወር እርስዎ አንጀቴን ሲያሳርሩት ያ ጠመንጃ ጥይቱን እንደጎረሰ ቤቴ ተሰቅሏል። እርስዎም ይኸው፣ በሙሉ ጤናዎ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠዋል።»