ቴምብር ያከሉት ሊቀመንበር

አንድ ቀን ደሴ ውስጥ የአንድ ሰፈር የውሃ ማኅበር ኮሚቴ ይመር ፎቶ ቤት ተሰበሰበ። ማኅበሩ የቧንቧ ውሃ ያስገባበትን ሃያኛ ዓመት ሊያከብር፣ ለበዓሉም መጽሔት ሊያሳትም አስቦ ነበር።

ሊቀመንበሩ አቶ ደምመላሽ ይባላሉ። እኚህ ሰው ያኔ የቧንቧው ቦይ ሲቆፈር አንድ ቀን ብቻ ብቅ ብለዋል፤ እሱም ፎቶ አንሺ ይመጣል ስለተባለ ነው። ከረባት አስረው መጡ፣ ከሰው እጅ አካፋ ተቀበሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አካፋውን መልሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ግን ሠርግም ይሁን ለቅሶ ወሬያቸው አንድ ነው፤ «እኔ ቆፍሬ ያጠጣኋችሁ!» ሰዉም ውሃዬን ያስቆርጡብኛል ብሎ ስለሚፈራ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማቸዋል።

የዚያን ዕለት ፎቶ ያነሳው ይመር ነው። ይመር ምላሱ የማይመለስ ሰው ቢሆንም ለሥራው ታማኝ ነበር። የድሮውን ነጋቲቭ ከሣጥን አውጥቶ አቧራውን ጠረገና ስካን አደረገው። ከዚያ ፎቶዎቹን ሁሉ በተርታ ደርድሮ አንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። ኮሚቴው ያዘዘውን ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ሥራው አለቀ። እያንዳንዷ ፎቶ ከቴምብር አትበልጥም።

«ይሄ መምረጫ ነው» አላቸው። «አንድ ላይ አይታችሁ የወደዳችሁትን ታሳዩኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ እሱን አሳድጌ አትማለሁ።»

ከኮሚቴው አባላት አንዷ እትዬ አስካል ነበሩ። የይመርን ማጉያ መነጽር ተቀብለው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ትንሽ እንደቆዩ አንዷ ፎቶ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ጓንጉል ነው» አሉ።

ባላቸው ናቸው። ቦዩ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው፣ ፊታቸው ጭቃ ለብሶ ይስቃሉ። ከቦዩ አፍ ላይ ደግሞ አቶ ደምመላሽ ከነከረባታቸው ተገትረዋል። አቶ ጓንጉል ከሞቱ ቆይተዋል፤ እትዬ አስካል ከመታወቂያው ላይ ካለችው ጉርድ በቀር የባላቸው ፎቶ የላቸውም።

«ይቺን አሳድግልኝ፣ ልጄ። መጽሔቱ ላይ ትውጣልኝ» አሉ።

አቶ ደምመላሽ ወረቀቱን ከእጃቸው መነጨቁት። እያገላበጡ ራሳቸውን ፈለጉ። ሲያገኙት ፊታቸው ጠቆረ።

«ምንድን ነው ይሄ? እኔን ጥፍር አሳከልከኝ?»

«ሁሉም እኩል ነው የወጣው፣ ጋሼ። ገና ማንንም አላሳደግኩም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። እኔና ቆፋሪ እኩል ነን?» ጣታቸውን አቶ ጓንጉል ላይ ጫኑ። «ይሄ ደግሞ ከእግሬ ሥር ገብቶ ፎቶዬን አበላሸው። አንቺም አስካል፣ ለቅሶሽን ቤትሽ ሄደሽ አልቅሺ። መጽሔቱ የሙት ዓመት መጥሪያ አይደለም።»

እትዬ አስካል መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከኮሚቴው አንድ ሰው አልተነፈሰም። ጸሐፊው ሻዩን ያማስላል፤ ገንዘብ ያዡ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ዝምታው አቶ ደምመላሽን ይበልጥ አጀገናቸው።

«ሰማህ ይመር፣ ይሄን ጭቃ የለበሰ ሰውዬ ቆርጠህ ጣለውና እኔን አሳድገኝ።»

ይመር ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደ።

«መቁረጡስ ቀላል ነው፣ ጋሼ» አላቸው። «እርስዎን ማሳደጉ ግን የእኔ ሥራ አይደለም፤ እናትና አባትዎ በጊዜው ሊሠሩት የሚገባ ነበር።»

ኮሚቴው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀመንበሩ ፊት ሳቀ፤ መጽሔቱም አቶ ጓንጉልን ከነጭቃቸው ሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ።