የወንዝ ለኪው ፊደሎች

አንድ ሰው ነበረ፤ ወንዝ ይለካ ነበር። ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም፤ «ኮምፒዩተሩ ከተቀበለው፣ በፕሮግራሜ የጻፍኳቸውን የግሪክ ፊደሎች እርስዎ ለምን ይሰርዙብኛል?» ብለሽኛል። እስኪ ቁጭ በይ።

ይህ ሰው ዝናብ ሲጥል ወንዙ የት ድረስ እንደሚሞላ የሚያሳይ ቀመር ሠራ። አሥራ ሁለት ክረምት ፈጀበት። ቀመሩን በሚያሰላው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱን መጠን በግሪክ ፊደል ሰየመው፤ አፈሩ የሚጠጣውን ውሃ በአንዱ፣ ከተራራው የሚወርደውን በሌላው። አንድም የማብራሪያ ቃል አልጨመረበትም። ቀመሩ የመጽሐፍ ገጽ መስሎ ሲታየው ደስ ይለው ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምርም ነበር።

አብራው የምትሠራ አንዲት ሴት የእያንዳንዱን ፊደል ትርጉም ከጎኑ እንዲጽፍላት ለመነችው። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀሽ እያለ ይስቅባት ነበር። ሰው ሞኝ ነው፤ ሁልጊዜ የሚኖር ይመስለዋል።

አንድ ቀን በግንቦት ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ብዙ ነገር ግን ከአእምሮው ጠፋ። ክረምቱ ደግሞ ከብዶ ገባ። በነሐሴ የወንዙ ዳር ገበሬዎች ውሃው እኛ ዘንድ ይደርሳል ወይ ብለው ወደ መሥሪያ ቤቱ ላኩ። በቆሎው እሸት ይዞ ነበርና በግምት ጥለነው አንሄድም፣ ቁርጡን ንገሩን አሉ።

ሴትየዋ የሰውየውን ሥራ ከፈተች። ፕሮግራሙ ያስገባችውን ቁጥር ሁሉ ተቀብሎ መልስ ይሰጣል። የቱ ፊደል የአፈሩ፣ የቱ የተራራው እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም። ቁጥሮቹን በአንድ መልክ ስታስገባ ውሃው ከመንደሩ ርቆ ይቀራል፤ ቦታ ስታለዋውጣቸው ጣሪያውን ይውጠዋል። ግራ ቢገባት ኮምፒዩተሯን ይዛ ወደ ሰውየው ቤት ሄደች።

ፊደሎቹን ሲያይ ፊቱ በራ። በጣቱ እየነካ አልፋ፣ ላምዳ፣ ሲግማ እያለ አንድ በአንድ ጠራቸው። አንዱንም አልሳተም። እሷም ተስፋ አድርጋ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ላምዳ የምንድን ነው? የአፈሩ ነው?»

«ላምዳ» አለ።

ደግማ ጠየቀችው። ፊደሉን በጣቱ ደጋግሞ ነካ። ከዚያ እንባው ወረደ።

«ጠፋኝ» አላት።

ሴትየዋ ኮምፒዩተሯን ይዛ ተመለሰች። ቁርጡን ባላውቅም ውጡ ብላ ገበሬዎቹን ለመነች። ገሚሱ ወጣ፣ ገሚሱ እሸቱን ሊጠብቅ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሞልቶ ዘጠኝ ሰው ወሰደ። ለቅሶ ስትደርስ ልጇን ያጣች አንዲት እናት፣ «ጠይቀናችሁ ነበር እኮ» አለቻት። እሷም ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠች። ስለ ሞቱት ለሰውየው የነገረው የለም፤ እስኪሞት ድረስ ሰው በገባ ቁጥር ፊደሎቹን እየጠራ ያሳይ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። በአንቺ ዕድሜ እኔም እንደ እሱ ነበርኩ። ኮምፒዩተሩ ፊደልሽን ተቀበለ ማለት ገባው ማለት አይደለም፤ እሱ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ፊደሉን ጠልቼ መሰለሽ? ከፈለግሽ ተይው፤ ግን ምን እንደያዘ ከጎኑ በቃል ጻፊ። ያቺ ሴት ያን ቀን ስትጠይቅ የሚመልስላት አንድ መስመር ብቻ ነበር የጎደላት።