ሽማግሌ የሚያስታጥብበት ማኅበር

በሾላ ሜዳ ማኅበር የተጋበዘ እንግዳ መገረሙ አይቀርም። ማዕድ ሳይቆረስ ከሁሉ በዕድሜ የገፋው ሰው ይነሣና፣ በቅል ውሃ ቀድቶ የደጋሹን እጅ ያስታጥባል። በሌላው አገር የሚያስታጥበው ታናሽ ነው። የሾላ ሜዳ ሰው በዚህ ሲኮራ ለከት የለውም፤ ይኩራ እንጂ፣ ያኮራል።

እንደሚነገረው ነገሩን ያመጣችው አስካለ ናት፤ በፊታውራሪ ድልነሳሁ ቤት ሠላሳ ዓመት በባርነት የኖረች ሴት። ባርነት የቀረበት አዋጅ በገበያ መካከል ሲነገር፣ የተሸከመችውን እንስራ እዚያው አውርዳ ሄደች ይባላል። ከወንዝ ማዶ ጎጆ ቀልሳ ከልጇ ጋር ሽንኩርት እየተከለች ስትኖር፣ የነፍስ አባቷ ከማኅበሩ አስገቧት። መግባቱንስ ገባች፤ ጭንቁ የመደገስ ተራዋ ሲደርስ ነው። ዝክሩ ያልተበላለት ሰው ከማኅበሩ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ደግሞ ሲሞት ቀባሪ የለውም።

ቀኑ ደርሶ ማኅበርተኛው፣ በዕድሜ ከሁሉ የገፉት ፊታውራሪም ጭምር፣ ተሰበሰበ፤ ዳቦውም ጠላውም ቀረበ። አንዱ ጣራ ጣራውን፣ ሌላው ደጅ ደጁን ያያል። በመጨረሻ አንድ ባላባት፣ «እኛ እንኳ የባሪያ ዝክር በልተን አናውቅም» አለ።

የአስካለ ንዴት ከፍርሃቷ በለጠ። «ሠላሳ ዓመት በፊታውራሪ ቤት ግብር የበላችሁት ከማን እጅ ነው? ከጓዳ ሲወጣ ጣፈጠ፣ ከገዛ ቤቴ ሲወጣ መረረ?»

ፊታውራሪ ነገሩን ለማለፍ «በሉ እንብላ» ብለው፣ እንደ ለመዱት እንድታስታጥባቸው እጃቸውን ዘረጉ። አስካለ ቅሉን አነሣችና በተዘረጋው እጃቸው ላይ አኖረችው።

«ዛሬ ደጋሿ እኔ ነኝ፣ ፊታውራሪ። እርስዎ ያስታጥቡኝ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አፈሰሱላት ይላሉ፤ መጀመሪያ የቆረሱትም እሳቸው ናቸው። ሦስት ሰዎች ተቆጥተው ወጡ፤ ማኅበሩ ግን አልጎደለም።

ሥራው ግን ዛሬም አላለቀም። አምና የአስካለ የልጅ ልጅ ስትደግስ፣ አንድ ከከተማ የመጣ ባለጸጋ «ይቺ ደግሞ የማን ዘር ናት?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ተሰማ። የፊታውራሪ የልጅ ልጅ የሆኑት የማኅበሩ ሽማግሌ ሊያስታጥቡ ተነሥተው ነበር፤ ቅሉን ለሰውየው ሰጡት።

«ተነሥ ልጄ፤ ዛሬ ተራው ያንተ ነው።»

ሰውየው ዙሪያውን ቢያይ የሚያስጥለው አጣ። ተነሥቶ አስታጠባት፤ እሷም ሳትቸኩል እስከ ክንዷ ታጠበች።