ጉርሻ የቀመሰ ዜና

አንዲት እናት ነበሩ፤ ወይዘሮ አልጣሽ የሚባሉ። አንድ ልጃቸውን ሊድሩ ቀን ቆርጠው ሳለ እንቅልፍ የነሳቸው የድግሱ ነገር ነበር። አማቾቹ የሚመጡት ከሩቅ አገር ነው፤ በዚያ ላይ ነገር ቆጣሪዎች ናቸው ይባላል። ሠርገኛ ሳይጠግብ ከተመለሰ ደግሞ ወሬው የሚተርፈው ለሙሽራዋ ነው። «የእናትሽ ቤት ድግስ» እየተባለች ዕድሜ ልኳን ስትጎነተል መኖሯ ነው።

ታዲያ አንድ ጠዋት የከተማዋን ጋዜጣ ሲያነቡ ፊታቸው በራ። «ሰፊው ማዕድ» ስለሚባል አዲስ ምግብ ቤት ግማሽ ገጽ ተጽፏል። «ዓይነ ግቡ አዳራሽ፣ ተወዳዳሪ የሌለው ጣዕም፣ ከልብ የመነጨ መስተንግዶ» ይላል። ወይዘሮ አልጣሽ ቀብድ ሊሰጡ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ደጃፋቸው ላይ ጎረቤታቸውን አቶ ይርዳውን አገኟቸው። አቶ ይርዳው ዕድሜያቸውን በዳኝነት የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ መጠየቅ ያልተዋቸው ሰው ናቸው። ጋዜጣውን ተቀብለው አነበቡና፣

«ለመሆኑ ጸሐፊው ምን በላ?» አሉ።

ወይዘሮ አልጣሽ ከላይ እስከ ታች ፈለጉ። «ኧረ ጋሼ ይርዳው፣ አልተጻፈም!»

«ከባለቤቱ ሌላ የተናገረ ሰውስ?»

እሱም የለም። የሚናገረው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ያውም ስለ ራሱ።

«በይ እንግዲህ የምግብ ቤቱን ስም አውጪና በምትኩ ‹ጎራ በሉ›ን አግብተሽ አንብቢልኝ።»

«ጎራ በሉ» የገባ ሁሉ ሆዱን ይዞ የሚወጣበት የሰፈሩ ሽሮ ቤት ነው። ወይዘሮ አልጣሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዓይነ ግቡው ጎራ በሉ፣ ተወዳዳሪ በሌለው ጣዕሙ…» ብለው ጀመሩና ሳቃቸው አላስጨርስ አላቸው። አንዲትም ቃል አልጎረበጠችም።

«ለሁሉም ልክ የሆነ ልብስ ለማንም አልተሰፋም» አሉ ዳኛው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ ጋዜጣውን ይጥል ነበር። ወይዘሮ አልጣሽን ግን የማወቅ ጉጉት ያዛቸው። ቤቱ መጥፎ ይሆን? ወይስ ጥሩ ሆኖ ሳለ ነው ክፉ አወዳሽ የገጠመው? ልጃቸውንና ሁለት ዘመዶች አስከትለው፣ ማንነታቸውን ሳይናገሩ ገብተው ዶሮ ወጥ አዘዙ።

ወጡ እውነትም ይጣፍጣል! ወይዘሮ አልጣሽ ጣታቸውን ሊልሱ ምንም አልቀራቸው። ነገር ግን ለምሳ የገቡ ሰዎች የበሉት መክሰስ ሰዓት ላይ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ተነሥተው ወደ ጓዳ ብቅ ቢሉ፣ ያ ሁሉ አዳራሽ የሚመገበው ከአንዲት ጠባብ ማድ ቤት ነው። ለአራት ሰው ይህን ያህል ካስጠበቀ ለሠርገኛ ምን ሊሆን ነው?

በማግስቱ ጋዜጣው ቢሮ ሄደው ጸሐፊውን አስጠሩት። ትሑት ወጣት ነው።

«ልጄ፣ ምግቡ እንደሚቆይ ሳታውቅ ቀርተህ ነው?»

«ለእኔ ቶሎ መጣልኝ፣ እማማ። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ ግን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «አንድም ውሸት አልጻፍኩም። ግን ባለቤቱ ጋብዞኝ፣ በገዛ እጁ አጉርሶኝ፣ እንዴት ብዬ? የበላበትን ወጪት ሰባሪ ልባል?»

ወይዘሮ አልጣሽ አዘኑለት። ይሉኝታ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ነገር ግን ልጃቸው በሠርጓ ቀን በተራበ እንግዳ ፊት ቆማ ታየቻቸው።

«ልጄ፣ ጋዜጣህን እየገዛን የምናኖርህ እኛ ነን» አሉት። «የበላህበት የእኛ ወጪት ነው። የሰበርከውም እሱን ነው።»

ወይዘሮ አልጣሽም ቤታቸው ተመልሰው ዳስ አስጣሉ፤ ጎረቤት ተረባረበ፤ አማቾቹም ጠግበው፣ ሙሽራዋን መርቀው ሄዱ።

ወገኖቼ፣ ውዳሴ ሁልጊዜ ውሸት ሆኖ አይመጣም። ብዙ ጊዜ እውነትን ለሁለት ከፍሎ የሚጣፍጠውን ብቻ ያቀርብልናል፤ የምንጎዳው በቀረው ግማሽ ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ሲወደስ ስናነብ ጸሐፊው ምን እንዳየ፣ ማንን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተወ እንመርምር። እስቲ ዛሬ ጠዋት ያነበብከውን ዜና መለስ ብለህ እየው፤ ማን አጉርሶት ይሆን?